ምድጃውን የቀየርኩት ለጫካ ብዬ አይደለም

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የደሴ ምግብ ቤት፣ ቁርስ ቤትና እንጀራ ጋጋሪ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንዴት አረፈዳችሁ?

የጋበዙኝ ሰዎች «አካባቢን ለመጠበቅ ምን አነሳሳሽ?» ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ልናገር፣ ያነሳሳኝ የማገዶ ዋጋ ነው።

ከሰኞ ገበያ አጠገብ ባለችው ቤቴ ለዓመታት የጋገርኩት በሦስት ጉልቻ ነው። ነበልባሉ ምጣዱን ትቶ በጎን ይወጣል፣ ጭሱ ደግሞ ቤቱን ይሞላዋል። ሁለት ጎበዝ ጋጋሪዎች «ዓይኔን» እያሉ ጥለውኝ ሄዱ። ደመወዝ ብጨምርም አልተመለሱም። ዕቁብ ሲደርሰኝ ከሲሚንቶ የሚሠራውን፣ «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ ገዛሁ። እሳቱን ዙሪያውን ዘግቶ ስለሚይዝ ከጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል ይላሉ። እኔ ቤት ሁለት ሸክም ይፈጅ የነበረው ጋገራ አሁን ከአንድ ሸክም ትንሽ አለፍ ቢል ነው። አዲሷ ጋጋሪም እስካሁን አልሄደችም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል፤ መብራት የጠፋ ቀን ግን እኔ ዘንድ ነው የምትመጡት።

ዘይቱስ? ሳምቡሳና ብስኩት የጠበስንበትን ማታ ማታ ከጓሮ ቦይ እንደፋው ነበር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ብርዷን ታውቁታላችሁ። ያ የሚረጋ የፓልም ዘይት ቦዩ ውስጥ እንደ ሻማ ይጋገራል፣ ፌስታል ሲለጠፍበት ደግሞ ውሃ መሄጃ ያጣል። አንድ ክረምት ጎርፉ ተመልሶ ጎረቤቴ ሱቅ ገባና አንድ ጆንያ ስኳር አሟሟ። እትዬ ሦስት ሳምንት ሰላምታ ነሱኝ። ወሎ ውስጥ ሰላምታ መነሳት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። አሁን ዘይቱን በጀሪካን አጠራቅማለሁ፣ ሳሙና የሚሠሩ ሴቶች ይወስዱታል።

ፌስታልን በተመለከተ ሕግ አልጠፋም። ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፌስታል በ1999 በወጣው አዋጅ ተከልክሎ ነበር፤ እኛ ግን ትኩስ ሽሮ በፌስታል ቋጥረን መሸጡን አላቆምንም። በ2017 ጠንከር ያለ ሌላ አዋጅ መጣ። እኔን ያስተወኝ ግን ከቅጣቱ በፊት ሒሳቡ ነው። የራሱን ሳህን ይዞ ለመጣ ሰው አንድ ጭልፋ እጨምራለሁ። ጭልፋዋ ከፌስታሉ ብትወደድም ሰውየው በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴም ክረምት በገባ ቁጥር «ፌስታላችሁ በቦርከና ወንዝ ደረሰን» እያለች መቀለዷን ቀነስ አድርጋለች።

ለኃላፊዎች አንድ ነገር ልበል። ስልጠና ብዙ ወስደናል። «አረንጓዴ» የሚል ቃል ስንሰማ አዳራሹ ውስጥ እንቅልፋችን ይመጣል። በሳምንት ስንት ሸክም እንጨት፣ ስንት ብር እንደሚተርፈን አስሉልን። ዕቁብ የሌላት ጋጋሪ ምድጃውን በዱቤ የምታገኝበትን መንገድም ፈልጉላት። የቆሻሻ ጋሪው በቀጠሮው ቀን ይምጣ። ለይተን ያስቀመጥነው የጎመንና የድንች ልጣጭ አራት ቀን ከቆየ ውሻ ይበትነዋል፣ የለፋነውም ከንቱ ይቀራል።

ምድጃውን ማየት የምትፈልጉ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ኑ። ከ1 ሰዓት በኋላ የቁርስ ሰው ስለሚበዛ ቡና እንኳ አላቀርብላችሁም።

አመሰግናለሁ።