ስድስቱ ሳምንት
(ደብረ ብርሃን ላይ ለእድር አባላት የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?

ከወርሃዊው ስብሰባችን ላይ ጊዜ ቆርሳችሁ ስለ ድብርት እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። እንደምታውቁኝ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። የማያቸው ሰዎች ተመላላሽ ናቸው። ክኒናቸውን ተቀብለው ማታ ቤታቸው ይገባሉ። እኔ በወር አንዴ ባገኛቸው ነው። ሃያ ዘጠኙ ቀን የእናንተ ነው። የመጣሁትም ስለዚያ ሃያ ዘጠኝ ቀን ልለምናችሁ ነው።

የኛ ሰው "ደበረኝ" ብሎ አይመጣም። "ራሴን ያቃጥለኛል"፣ "ወገቤን ይዞኛል"፣ "እንቅልፍ አጣሁ" ይላል። ሐዘን ሁሉ በሽታ አይደለም። ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ልቡ የጨለመ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ሥራ ያቃተው ሰው ካለ አምጡት። "ሞቴን በወደድኩ" ካለ ደግሞ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ይምጣ።

አሁን ዋናው ነገር። ለድብርት የምንሰጠው ፍሉኦክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን እንደ ራስ ምታት ክኒን ወዲያው አያሽልም። ለውጡ መታየት የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ነው። በደንብ ለመለየት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ማቅለሽለሹና የአፍ መድረቁ ግን ቀድሞ ይመጣል። አስቡት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሰውየው የሚያየው የክኒኑን ክፉ ጎን ብቻ ነው። ብዙዎች የሚያቋርጡት እዚህ ላይ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ከመንዝ በኩል የምትመጣ አንዲት እናት ነበረች። ሁለት ቀጠሮ ቀረች። ቤት ውስጥ "ክኒን ያደነዝዛል" ብለዋት ኖሯል። ጎረቤቷ ናት የመለሰቻት። ቡና እያፈላች ጠራቻት፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ አብራት ተቀመጠች፣ ክኒኗን እንዳትረሳ አስታወሰቻት። በሦስተኛው ወር መጥታ ምን አለችኝ መሰላችሁ? "ጎመን ተከልኩ።" ያን ቀን እንባዬ መጣ።

አሜሪካ ውስጥ ወደ 4,000 ተመላላሽ ታካሚዎችን የተከታተለ ስታር ዲ የሚባል ትልቅ ጥናት አለ። በመጀመሪያው መድኃኒት ምልክቱ የጠፋላቸው ከሦስት አንድ ገደማ ነበሩ። ከቀሩትም መድኃኒታቸው ሲቀየር ወይም ሲጨመርበት የተሻላቸው አሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ካልያዘለት "ይሄማ አይድንም" አትበሉ። እዚያም ሥራ ካላቸው ብዙ ሰው ሲያገግም፣ ሕመሙ ከቆየባቸውና ሌላ በሽታ ከተደረበባቸው ያገገመው ያነሰ ነበር። ከአጣዬና ከሸዋ ሮቢት ቤቱን ትቶ የመጣ ወገናችንን ሳይ ይህ ነገር ይገባኛል። ክኒኑ የእለት ጉርስና ሥራ አይሆንለትም።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንዱ አረቄ ነው። ብርዳችንን አውቃለሁ። ነገር ግን መጠጥ ድብርትን ያባብሳል፤ ከክኒኑ ጋርም አይስማማም። ለታማሚ "አንድ መለኪያ ብቻ" ብላችሁ አትቅዱለት።

ሌላው ጸበል ነው። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ እኔም እሄዳለሁ። ክኒኑን ግን በኪሱ ይዞ ይሂድ።

ሲሻለው ደግሞ "በቃ ዳንኩ" ብሎ እንዳይተወው። ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠል አለበት። ማቆሚያውም ቀስ በቀስ፣ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ነው።

ልመናዬ ይህ ነው። እድራችን ለቀብር እንደሚሰለፍ ሁሉ፣ በየሰፈሩ ለአንድ ታማሚ አንድ ሰው ይመደብ። ለስድስት ሳምንት ብቻ። ክኒኑን ያስታውሰው፣ በቀጠሮው ቀን አብሮት ይምጣ፣ የመኪና ሒሳብ ከሌለውም ከእድሩ ይሸፈንለት። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ። እኔም እዚሁ እጠብቃችኋለሁ።