አንድ ቁራጭ አይበቃም

ክቡራትና ክቡራን፣ የኢንዶስኮፒ ክፍል ሐኪሞችና ነርሶች፣ ሕመምተኞቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ እንደምን አደራችሁ?

እኔ የፓቶሎጂ ሐኪም ነኝ። ሕመምተኛውን ፊት ለፊት ብዙም አላገኘውም። የማገኘው በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ ከጨጓራው የተወሰደችውን ቁራጭ ነው። ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ግን ውስጧ ያሉት ፕሮቲኖች ሕመሙ ወዴት እንደሚያመራና የትኛው መድኃኒት ሊሠራ እንደሚችል ይጠቁሙናል።

ሄር-2 ከሚባለው ልጀምር። ሴሉ ላይ እንደ አንቴና ተተክሎ «እደግ፣ ተባዛ» የሚል መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን ነው። ከአምስት የጨጓራ ካንሰር ሕመምተኞች አንዱ ገደማ ላይ ከመጠን በላይ ይገኛል። በልዩ ቀለም ስንመረምረው ቡናማ ሆኖ ይታያል። የጡት ካንሰር ላይ ሴሉን እንደ ቀለበት ይከበዋል። ጨጓራ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቀለበቱ አይገጥምም። አንዱ ጎን ክፍት ይቀራል፤ ቁርጥ የፈረስ ጫማ ነው የሚመስለው። በጡቱ ደንብ ያነበበ ሰው «የለም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ለዚህ ነው ለጨጓራ የራሱ ደንብ የወጣለት። ውጤቱ ከ0 እስከ 3 ነው። 0 እና 1 የለም ማለት ነው፣ 3 አለ ማለት ነው። 2 ሲሆን አንቸኩልም፤ ጂኑን በሌላ ምርመራ እናያለን።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? በፈረንጆቹ 2010 ቶጋ የተባለ ጥናት ውጤት ታተመ። ሄር-2 የተገኘባቸውና ካንሰሩ የጠናባቸው 584 ሰዎች ተከፍለው ገሚሶቹ ኬሞ ብቻ፣ ገሚሶቹ ኬሞና ሄር-2ን ዒላማ ያደረገውን ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት ወሰዱ። ፕሮቲኑ በደንብ ጎልቶ ከታየባቸው መካከል፣ ኬሞ ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ 12 ወር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ በሕይወት ቆዩ። መድኃኒቱ ከተጨመረላቸው ግማሾቹ 16 ወር ወይም ከዚያ በላይ ቆዩ። አራት ወር ማለት ክረምቱን አልፎ እንቁጣጣሽን ከልጆች ጋር መዋል ነው። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ካልመረመርን ለማን እንደሚሆን እንኳ አናውቅም።

ችግሩ የጨጓራ ካንሰር ዝንጉርጉር መሆኑ ነው። ሄር-2 እዚህ ጋ አለ፣ እልፍ ሲሉ የለም። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ቁራጭ ስጡን እያልን የምንለምናችሁ ለማስቸገር አይደለም።

አንድ ቀን አንዲት ብልቃጥ ደረሰችኝ። ከየት እንደመጣች አልናገርም። ውስጧ አንድ ቁራጭ ብቻ አለች። ናሙናው እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ፈሳሽ፣ ፎርማሊን፣ የለም፤ ጨው ውሃ ውስጥ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ቆይታለች። ካንሰር መሆኑን እንደምንም ለየሁ። ፕሮቲኑን ግን ማንበብ አልቻልኩም። ሰውየው ኢንዶስኮፒውን ለመድገም አቅሙም ጉልበቱም አልነበራቸውም። ያን ሪፖርት ስፈርም ያመመኝ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እባካችሁ፣ ናሙናው ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ ይግባ። ፎርማሊኑ የናሙናውን አሥር እጥፍ ይሁን። ቆይታው ከ6 ሰዓት አይነስ፣ ከ72 ሰዓት አይብለጥ።

የፕሮቲን መጥፋትም ይናገራል። የዲኤንኤ ስህተትን የሚጠግኑ አራት ፕሮቲኖችን እንመረምራለን። ከእነዚህ አንዱ የጠፋበት ካንሰር ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ጊዜ የተሻለ ተስፋ አለው፤ በሽታ መከላከያን ለሚያነቃቁ መድኃኒቶችም ጥሩ ምላሽ ይሰጣል። ሰው «ጠፍቷል» የሚል ሪፖርት ሲያነብ ይደነግጣል። እዚህ ላይ ግን መደንገጥ አያስፈልግም። መድኃኒት ለመምረጥ የምንመረምራቸው ፒዲ-ኤል-1 እና ክላውዲን 18.2 የሚባሉ ፕሮቲኖችም አሉ። ክላውዲንን ዒላማ ያደረገውን ዞልቤቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት ጃፓንና አሜሪካ በ2024 ፈቅደዋል።

ቤተሰቦች፣ «ሲኢኤ የሚባለው የደም ምርመራ ደህና ነው፣ ታዲያ ካንሰር የለም ማለት አይደል?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። አይደለም። ካንሰር እያለም ደህና ሊሆን ይችላል። ይልቅ ስለ ብሎኩ ጠይቁ። ናሙናው ሰም ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት ይቀመጣል። ወደ ሌላ ሆስፒታል ወይም ወደ ውጭ አገር ስትሄዱ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ብሎኩንም ይዛችሁ ሂዱ። ነገ አዲስ ምርመራ ቢመጣ ከዚያው ላይ ይሠራል።

እዚያ መስኮቱ ሥር ማይክሮስኮፕ አቁሜያለሁ። ስላይዱ ላይ ስም የለበትም። ከሻይ በፊት ጎራ በሉና ቡናማዋን የፈረስ ጫማ በዓይናችሁ እዩ።