መሰንቆውን ማን ይቃኘው?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ የባሕር ዳር የሙዚቃ ወዳጆች፤

የመጀመሪያ አልበማችን ዛሬ ጆሯችሁ ሲደርስ፣ ስለ ባንዳችን አመሠራረትና ስለ ቀረጻው ጥቂት እንድናገር ተጠይቄአለሁ። አመሠራረታችንን ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ ስላያችሁት አላረዝመውም። እኛ ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታርና ድራም ይዘን በየሠርጉ ስንጫወት ኖረን፣ ከጎጃም ብቸና የመጣው መሰንቆ ተጫዋች አንድ ምሽት አብሮን ተቀመጠ። ጃዝ እንጫወታለን የምንል ሰዎች እሱ የሚሄድበትን መከተል አቅቶን አደርን። ባንዱ የተመሠረተው ያን ሌሊት ነው ብዬ አምናለሁ።

መንገዱን የከፈቱልን ግን ታላላቆቻችን ናቸው። ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት አልበሞች ሲቀርጹ የእኛን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር አዋሕደው ነበር። የዋልያስ ባንድ ልጆች ደግሞ በክለብ ባለቤት መሣሪያ መጫወት ይብቃን ብለው የራሳቸውን ገዙ፤ ጋሽ ኃይሉ መርጊያም ኦርጋናቸውን ይዘው እ.ኤ.አ. በ1977 ከባንዱ ጋር «ቸ በለው» የተባለውን አልበም ሠሩ። መሣሪያው የራሳችን ሲሆን ድምፁም የራሳችን እንደሚሆን የተማርነው ከእነርሱ ነው።

እኛም ገንዘብ አዋጥተን አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ ስቱዲዮ ሄድን፤ ስሙን አላነሣም። መሰንቆ ተጫዋቻችን ደጋኑን ዕጣን ቀብቶ፣ የፈረስ ጭራውን ጠበቅ አድርጎ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን አንዱ በሆነው በአንቺሆዬ ገባ። መሰንቆ እንደ ፒያኖ ቁልፍ የለውም፤ ድምፁን የሚወስነው ጣት ነው። ያ ጣት ደግሞ አንዳንዴ የሚያርፈው ከሁለት የፒያኖ ድምፆች መካከል ነው፤ የአንቺሆዬ ምሬትም የሚገኘው እዚያው ነው። የቀረጻው ባለሙያ አቆመንና «ከቅኝት ወጥቷል» አለ። በማግስቱ ስንመለስ እያንዳንዱን የመሰንቆ ድምፅ በኮምፒውተር ወደሚቀርበው የፒያኖ ድምፅ ስቦ «አስተካክዬላችኋለሁ» ሲል አሰማን። መሰንቆ ተጫዋቻችን ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወደ እኔ ዞሮ «ይህ የማን ነው?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ዝም ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ያን ቀን ያልተናገርሁትን ዛሬ በእናንተ ፊት እናገራለሁ። የብቸና ጆሮ ስሕተት አይደለም! ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረን ድምፅ፣ ማሽኑ ስላላወቀው ብቻ «ወጥቷል» የሚል ፍርድ አንቀበልም! የውጭ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ጃዝ ጆሮውን ያዘነበለው በየአገሩ ሞልቶ የተረፈውን ፒያኖ ፍለጋ አይደለም፤ ቀድሞ ያልሰማውን ሰምቶ ነው እንጂ! ኪቦርዱ ወደ መሰንቆው ይምጣ!

እኛም እንዲሁ አደረግን። ያንን ቀረጻ ትተን ባሕር ዳር ተመለስን፤ የአንድ ክፍል ግድግዳ በፍራሽና በብርድ ልብስ ሸፈንን። ቀን የባጃጅ ድምፅ አላስቀርጽ ስላለን የምንሠራው በሌሊት ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድም መሣሪያችንን አስቀምጠን እስኪያባራ እንጠብቃለን። እኔ የኪቦርዴን ድምፆች አንድ በአንድ ዝቅና ከፍ እያደረግሁ ወደ መሰንቆው ቃኘሁ። ቤዝ ተጫዋቻችን ከመሰንቆው ጋር የሚጋጩበትን ድምፆች ተዋቸው፤ አሁን ስትሰሙት ያ ባዶ ቦታ ዘፈኑን የሚያስተነፍሰው ሆኖ ታገኙታላችሁ።

በአልበሙ ሽፋን ላይ የሁሉም ተጫዋቾች ስም ከነመሣሪያቸው ተጽፏል። ክፍሉን ላዋሱን ቤተሰቦችና በሌሊት ድምፃችን ለታገሡን ጎረቤቶች ምስጋናችን ይድረሳቸው።

አሁን መብራቱ ዝቅ ይበልልን። መሰንቆ ተጫዋቻችን ይቃኛል፤ እኔም እሱን ሰምቼ እቃኛለሁ።