ጨርቅ አያድግም፦ ስቴሮይድ፣ አጥንት እና የእማዬ ቀሚስ

እሷ፦ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ከደብረ ብርሃን ነን፣ ጋቢያችንን ተከናንበን ነው የተቀመጥነው።

እሱ፦ እኔ ከጋቢው ስር ሹራብም አለኝ። 2,800 ሜትር ላይ እኮ ነን።

እሷ፦ እሺ። የዛሬው ርዕስ ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው የአጥንት መጠበቂያ ክኒን ይጀምር ወይስ ይቅርበት የሚለው ነው። ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ነው፣ ለቁርጥማት በሽታ፣ ለሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ ነው)፣ ለአስም፣ ለኩላሊት፣ ለብዙ ነገር ይታዘዛል። ርዕሱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ በእማዬ ቀሚስ ምክንያት።

እሱ፦ በቀሚስ?

እሷ፦ በቀሚስ። ቆይ ከመጀመሪያው ልንገርህ። እማዬ መሐል ሜዳ ነው ያለችው ታውቃለህ፣ መንዝ፣ ሪዩማቶይድ የሚባለው ቁርጥማት አለባት፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏት ነበር፣ ሊጥ ማቡካት አቅቷት ነበር። 2014 ላይ ፕሬድኒሶሎን ተጀመረላት፣ በቀን 10 ሚሊግራም፣ እና በሳምንቱ ምን ልበልህ፣ ሌላ ሰው ሆነች፣ ተነስታ ቡና ቆላች። ስለዚህ ያንን ክኒን የምትወደው እንደ ልጇ ነው።

እሱ፦ ይገባኛል። እህቴም ስትጀምር እንደዛ ነው ያለችው፣ በአንድ ሳምንት።

እሷ፦ እና ለወንድሜ ሠርግ 2012 ላይ ያሰፋችው የሐበሻ ቀሚስ አላት፣ ጥበቡ አረንጓዴና ወርቅማ፣ በጣም ነው የምትወደው፣ ለበዓል ብቻ ነው የሚወጣው። የ2016 ገና ለበሰችውና ከቤት ስትወጣ ጫፉን ረግጣ ልትወድቅ! እኔ ነኝ ክንዷን ይዤ ያስቀረኋት። ቀሚሱ መሬት ይጠርጋል። እሷ ወዲያው ምን አለች፣ ይሄ ያጠበችው ልጅ ስባዋለች፣ እርጥቡን ሰቅላው ተለጥጧል። ያቺ ምስኪን ደግሞ የአክስቴ ልጅ፣ ሰባራ ቃል አልወጣትም፣ ዝም ብላ አለቀሰች።

እሱ፦ ኧረ በገና!

እሷ፦ በገና። ከዛ የጥምቀት ሰሞን ቀሚሱን ይዘን የሰፋላት ልብስ ሰፊ ጋር ሄድን፣ ገበያው ዳር ነው፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ሲንጀራቸው ከኔ ዕድሜ ይበልጣል። እማዬ ገና ሳትቀመጥ አስረዝመህብኝ ነበር አለቻቸው።

እሱ፦ ከአራት ዓመት በኋላ!

እሷ፦ ሰውየው ግን አልተቆጡም። ደብተር አወጡ፣ የድሮውን፣ በካርቦን እርሳስ የተጻፈ፣ ቅጠሉ ቢጫ የሆነ፣ ስሟን ፈለጉ፣ ቁመት፣ ወገብ፣ ደረት፣ እጅጌ፣ ሁሉም አለ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ለኩ። ደገሙ። ሶስተኛ ለኩ። ከዛ ሜትሩን አንገታቸው ላይ መልሰው "እማማ፣ ጨርቅ እኮ አያድግም" አሏት። አራት ሴንቲሜትር። ቀሚሱ ልክ እንደተሰፋ ነው ያለው፣ እሷ ናት አራት ሴንቲሜትር ያጠረችው።

እሱ፦ ...ወይኔ።

እሷ፦ እኔ እዛ ቁጭ ብዬ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ምክንያቱም ጀርባዬን ጀርባዬን ስትል ከርማ ነበር፣ ብርድ ነው ብለን ቅቤ እያሞቅን እናሽላት ነበር፣ በተለይ አንድ ቀን 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ካነሳች በኋላ ሦስት ቀን መንቀሳቀስ አቅቷት ነበር፣ ያንንም ብርድ ነው አልነው። ወጌሻ እንጥራም ተብሎ ነበር። ደብረ ብርሃን አምጥቼ ኤክስሬይ ተነሳች፣ ሁለት የጀርባ አጥንቶቿ ከፊት ለፊታቸው ተጨፍልቀዋል። ሳትወድቅ፣ ሳትመታ። ጀሪካን አንስታ።

እሱ፦ እና ወጌሻው መጥቶ ቢያሻት?

እሷ፦ አታስበው። እጅና እግር ሌላ ነገር ነው፣ የተጨፈለቀ የጀርባ አጥንት ላይ ማንም ጉልበቱን እንዲጭን አልፈልግም። የሚያንገበግበኝ ግን እሱ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ክኒን ሲታደስላት ስለ አጥንት አንድ ቃል ያነሳ ባለሙያ የለም። ስኳሯ ይለካል፣ ደም ግፊቷ ይለካል፣ ቁመቷን የለካው ልብስ ሰፊ ነው።

እሱ፦ እሺ ግን ወደ ጥያቄው እንግባ፣ ክኒኑ አጥንት ላይ ምን ያደርጋል?

እሷ፦ ሐኪሟ እንዲህ ነው ያስረዳን፣ አጥንት ተሠርቶ ያለቀ ነገር አይደለም። የሚያፈርሱ ሴሎች አሉ፣ የሚገነቡ አሉ፣ ዕድሜ ልክ አንዱ እያፈረሰ አንዱ እየገነባ ነው የሚኖረው። ስቴሮይድ ሲገባ ግንበኞቹ ይዳከማሉ፣ ይሞታሉ፣ አፍራሾቹ ደግሞ መጀመሪያ አካባቢ ይበረታሉ፣ በዛ ላይ አንጀት ካልሲየም መምጠጥ ይቀንሳል፣ ኩላሊት በሽንት የሚያስወጣው ይጨምራል። እና ቶሎ ነው የሚሆነው፣ በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ውስጥ ነው በጣም የሚሳሳው፣ በመጀመሪያው ዓመት የአጥንት ጥግግት ከ6 እስከ 12 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፣ ከዛ በኋላ በዓመት ወደ 3 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ "ቆይ አጥንቴን ሲያመኝ አስብበታለሁ" የሚባል ነገር የለም። ብዙው የጀርባ አጥንት ስብራት ደግሞ ጭራሽ ላያምም ይችላል፣ ሰው ዝም ብሎ እያጠረ ይሄዳል።

እሱ፦ እና ክኒኑ አሌንድሮኔት ነው አይደል? እኔ እኮ የሱን ወረቀት አንብቤዋለሁ፣ እህቴ ተነግሯት ስለነበር። የመንጋጋ አጥንት ይሞታል ይላል፣ የጭን አጥንት ይሰበራል ይላል። ለአጥንት የሚወሰድ መድኃኒት አጥንት ይሰብራል ማለት እኔ ሊዋጥልኝ አልቻለም።

እሷ፦ እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበርኩ፣ እውነቴን ነው። የመንጋጋው ነገር አለ፣ ውሸት አይደለም፣ ግን በአፍ ለአጥንት መሳሳት በሚወሰደው ክኒን በዓመት ከ10,000 እስከ 100,000 ሰው ውስጥ አንድ ሰው ላይ የሚገመት ነው፣ በብዛት የሚታየው ካንሰር ታመው በደም ስር በከፍተኛ መጠን በሚወስዱት ላይ ነው። የሚነቀል ጥርስ ካለ ከመጀመር በፊት ይነቀል ይባላል፣ እማዬ ሁለት ነቀለች። የጭኑም ብርቅ ነው፣ ለብዙ ዓመት ከተወሰደ በኋላ ነው፣ ጭን ወይ ብሽሽት ላይ አዲስ ህመም ከመጣ ቶሎ መናገር ነው። በሌላ በኩል አስቀምጠው፣ እማዬ ሁለት አጥንት ቀድማ ተሰብራለች። እሷ ጋ ያለው ብርቁ ነገር አይደለም፣ የደረሰው ነው።

እሱ፦ ለእማማ እሺ፣ እሱ ላይ አልከራከርሽም። ግን ሁሉም ሰው አይደለም።

እሷ፦ ሁሉም አላልኩም። የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅ፣ የቁርጥማት ሐኪሞች ማኅበር ነው፣ በፈረንጆቹ 2022 ያወጣው መመሪያ በቀን 2.5 ሚሊግራምና ከዛ በላይ ከ3 ወር በላይ የሚወስድ ሰው የስብራት አደጋው ይገመገም ነው የሚለው። ይገመገም ነው ያለው፣ ሁሉም ይዋጥ አላለም። ዕድሜ፣ የክኒኑ መጠን፣ ከዚህ በፊት መሰበር፣ ሲጋራ፣ እናትና አባት ዳሌ መሰበር፣ ክብደት ይታያል። ዴክሳ የሚባል የአጥንት ምርመራ ካለ ይነሳል፣ እኛ አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ወስደናታል።

እሱ፦ እህቴ 28 ዓመቷ ነው፣ ሉፐስ፣ 5 ሚሊግራም፣ ተሰብራ አታውቅም፣ ባለፈው ዓመት ነው ያገባችው፣ ልጅ ትፈልጋለች። ይሄ መድኃኒት አጥንት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል ተብሏል። እና ዛሬ ወስዳ የዛሬ ሦስት ዓመት ስታረግዝስ?

እሷ፦ እሱ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ እውነት ነው ለዓመታት ይቆያል፣ ለመውለድ ለምታስብ ሴት ሐኪሞችም ይጠነቀቃሉ።

እሱ፦ አየሽ!

እሷ፦ ቆይ፣ አየሽ አትበለኝ፣ ምክንያቱም አንተ ከዚህ ተነስተህ "አትጀምሪ" ብለሃታል፣ ሐኪሟን ጠይቂ አላልካትም። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ምናልባት ለሷ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይበቃታል፣ ምናልባት ስቴሮይዱን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ እሱ ራሱ ትልቅ ጥበቃ ነው። ግን ይሄን ወንድም አይወስነውም።

እሱ፦ ...እሺ። አትጀምሪ ማለቴን እመልሳለሁ። ጀምሪም ግን አልላትም።

እሷ፦ ጀምሪም አትበላት። የልጅ ነገሩን ለሐኪሟ አፍ አውጥታ ትንገረው፣ እሱን ብቻ ንገራት።

እሱ፦ እነግራታለሁ። እኔ ግን አሁንም መድኃኒት በመድኃኒት ላይ መደራረብ አይጥመኝም።

እሷ፦ ለማን ይጥማል። እኔ ያሳመነኝ ግን አንድ ነገር ነው፣ እነዚህ ቢስፎስፎኔት የሚባሉት ኬሚካሎች፣ አሌንድሮኔት ከነሱ አንዱ ነው፣ መድኃኒት ከመሆናቸው በፊት የውሃ ቧንቧ ውስጥ ነጩ ቅርፊት እንዳይጋገር የሚጨመሩ ነበሩ።

እሱ፦ የትኛው ቅርፊት፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው?

እሷ፦ እሱ ራሱ! ካልሲየም ላይ መለጠፍ ይወዳሉ። አጥንት ላይ ሄደው ይለጠፋሉ፣ አፍራሹ ሴል አጥንቱን ሲበላ አብሮ ይበላቸዋል፣ ከዛ ይሽመደመዳል። ለእማዬ እንደዚህ ስነግራት "አይጥ መርዝ በሉኛ" አለችኝ። ገባት ማለት ነው።

እሱ፦ እሺ ብለው ጀመሩ?

እሷ፦ የት! መጀመሪያ ፕሬድኒሶሎኑ ነው አጥንትሽን የበላው ስትባል ተናዳ ራሷ ፕሬድኒሶሎኑን ጣለችው። ለኛም ሳትነግር። በአራተኛው ቀን ማስመለስ፣ ማዞር፣ ከአልጋ መነሳት አቃታት። ሰውነት ስቴሮይድ ከውጪ ለረጅም ጊዜ ሲገባለት የራሱን መሥራት ይተዋል፣ በአንዴ ሲቋረጥ ምንም የለውም፣ ሊገድል ይችላል። እባካችሁ፣ ይሄን የሚሰማ ሰው፣ ስቴሮይድ በራሳችሁ አታቁሙ፣ ሐኪም ቀስ በቀስ ያወርደዋል።

እሱ፦ እግዚአብሔር አተረፋቸው።

እሷ፦ አተረፋት። ከዛ ነው የተቀመጥነው፣ ኩላሊቷ ተመረመረ፣ ምክንያቱም ኩላሊት በጣም ከደከመ አይሰጥም፣ ካልሲየሟ ታየ፣ ጉሮሮዋ ያስቸግራት እንደሆነ ተጠየቀች። አሌንድሮኔት ተጀመረላት፣ 70 ሚሊግራም፣ በሳምንት አንድ ቀን። ከዛ ትልቁ ጦርነት መጣ፣ ቡና።

እሱ፦ ቡና ምን አደረገ?

እሷ፦ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ተራ ውሃ ብቻ ነው የሚዋጠው። በቡና አይሆንም፣ በወተት አይሆንም፣ በአምቦ ውሃም አይሆንም፣ ክኒኑ ወደ ሰውነት ሳይገባ ይቀራል። ከዋጠች በኋላ 30 ደቂቃ ምንም አትቀምስም፣ ጋደም አትልም፣ ቁጭ ወይ ቁም፣ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። እማዬ ደግሞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀበናዋ ካልተጣደ ቀኑ አልነጋም። እና ቀን መምረጥ ነበረብን። እሑድ ቅዳሴ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ፆም ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ነው። ማክሰኞ አለች።

እሱ፦ ዓቢይ ፆምስ? 55 ቀን ነው፣ ማክሰኞም ፆም ነው።

እሷ፦ ለንስሐ አባቷ ነገረቻቸው፣ ለመድኃኒት ነው ብለው ፈቀዱላት። ግን ጋደም ማለት የሌለባት እህል እስክትቀምስ ድረስም ነው፣ 9 ሰዓት የምትቀምስ ከሆነ እስከዛ አልጋ የለም ማለት ነው። በፆም ወተት ስለሌለ ደግሞ ጤፍና ጎመን አብዝተን፣ ካልሲየሙን ሐኪሟ በክኒን ጨመረላት፣ ያንን ግን በሌላ ሰዓት።

እሱ፦ 30 ደቂቃዋን እንዴት ያስችላታል? ጠዋት መንዝ ውስጥ በዛ ብርድ ተነስቶ መቀመጥ፣ እኔ ብሆን ተመልሼ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው የምገባው።

እሷ፦ እሷም እንደዛ ነበር ያሰበችው። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ 12 ሰዓት እደውላለሁ። ዋጥሽ? ዋጥኩ። ከዛ 30 ደቂቃ እናወራለን፣ ደጅ ወጥታ እየተንጎራደደች፣ በጎቹን እያወጣች፣ ትንፋሿ ይሰማኛል። እውነት ልንገርህ፣ ይሄ ክኒን ከመምጣቱ በፊት በሳምንት 30 ደቂቃ አውርተን አናውቅም። ስለ አባዬ ያልሰማሁትን ሁሉ አሁን ነው የሰማሁት።

እሱ፦ እና ጀርባቸው?

እሷ፦ የተጨፈለቀው አይመለስም፣ እሱን ነግረዋታል። ግን እስካሁን አዲስ ስብራት የለም። ጀሪካን አታነሳም፣ ፕሬድኒሶሎኑም 5 ደርሷል።

እሱ፦ ቀሚሱስ? ቀሚሱን አልነገርሽንም፣ አሳጠረችው?

እሷ፦ ዓመት ሙሉ እምቢ አለች፣ ቁመቴ ይመለሳል ብላ። ያለፈው ፋሲካ ሊደርስ ሲል ራሷ ይዛው ሄደች፣ ሰውየው መቀሱን ሲያነሱ እጃቸውን ያዘች አሉ፣ "እጠፈው እንጂ አትቁረጠው።" ወደ ውስጥ አራት ሴንቲሜትር አጥፈው ሰፉላት። ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ አልረገጠችውም።

እሱ፦ ነገ ማክሰኞ ነው።

እሷ፦ ነገ ማክሰኞ ነው፣ 12 ሰዓት።

እሱ፦ ሰላም በይልኝ። ልብስ ሰፊውንም።