የሰርግ ፎቶ ሥልጠና ከከተማ ዳር ሆኖ እንዴት ይፈለጋል?

[ምስል፦ ከአያት ወደ ለገጣፎ የሚወስደው መንገድ፣ ረፋድ ላይ]

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የሰርግ ፎቶ ማንሳት መማር ትፈልጋላችሁ፤ ቤታችሁ ግን ለገጣፎ ነው፣ ወይም ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ኮዬ ፈጬ። ሥልጠናው የት ይገኛል? ከተገኘስ ለገንዘባችሁ የሚመጥን መሆኑ በምን ይታወቃል?

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። የሚያዋጣችሁ ሥልጠና እናንተ ያነሳችሁትን ፎቶ አንድ በአንድ ከፍቶ «ይሄ ፊት ለምን ጠቆረ?» የሚላችሁ ሰው ያለበት ነው። የካሜራው ዓይነትና የሰርተፊኬቱ ማኅተም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

[ምስል፦ የኮንዶሚኒየም ደረጃ፤ ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ስትወርድ]

ምክንያቱን ለማየት አንድ የከተማ ዳር ሰርግ እንከተል። የሙሽራዋ ቤት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው እንበል። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲደርስ በሩ ላይ «አናስገባም» ይባላል። ኮሪደሩ ጨለማ ነው፣ ከሰዎቹ ጀርባ ግን በክፍቱ ደረጃ በኩል ፀሐይ ይገባል። ካሜራውን አውቶማቲክ ላይ ያደረገ ሰው የሚያገኘው ደማቅ ሰማይና ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፤ ፊት የለም። ከዚያ ሙሽራዋ ትወርዳለች። አሳንሰር የለም፣ ደረጃው ጠባብ ነው፣ ቬሎው ይጎተታል፣ እናት እያለቀሰች ናት። ወደ ኋላ ሸሽቶ ለማንሳት ቦታ የለም፤ ሰፋ አድርጎ የማያሳይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብቻ የያዘ ሰው ወይ ጭንቅላት ይቆርጣል ወይ እግር። ይህ ሁሉ የሚያልፈው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው፣ «እስኪ አንዴ ተመለሱ» አይባልም።

ታች ሜዳው ላይ ደግሞ ድንኳን ተተክሏል። ሸራው ሰማያዊ ከሆነ የሰው ፊት ሁሉ ሰማያዊ ይመስላል፤ ቢጫ ከሆነ ሁሉም የወባ በሽተኛ ይመስላል። ሀበሻ ልብሱ ሌላ ጣጣ አለው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው የተሠራው። ነጠላና ሀበሻ ቀሚስ የሞላበት ፍሬም ሲገጥመው ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ ነጩ አመድ ይሆናል፣ የሙሽራዋ ፊት ደግሞ ይጨልማል። ስለዚህ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን፣ አንድ ደረጃ ያህል ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ከልክ በላይ ከፍ ካደረጋችሁት ግን የጥለቱ ሥራ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ሰርግ በሮው ፎርማት (ካሜራው የያዘውን መረጃ ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሱ የሚባለውም ለዚህ ነው፦ የተለመደው የፎቶ ፋይል ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲይዝ፣ 14 ቢት ሮው ፋይል 16,384 ይይዛል። ኤዲት ሲደረግ የጠቆረውን ፊት ለማውጣት ያ ትርፍ መረጃ ነው የሚያድነው።

አሁን ወደ ሥልጠናው እንመለስ። ብዙ ቦታ ልምምዱ ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ ሞዴል ትቆማለች፣ ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ የስቱዲዮ መብራት) ይበራል፣ ሁሉም ተራ በተራ ያነሳል። ክፋት የለውም። ግን ሞዴሏ አትንቀሳቀስም፣ መብራቱም አይለወጥም። ስትደውሉ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ «እውነተኛ ዝግጅት ላይ ወጥተን እናነሳለን ወይ?» ነው። ቀጥሎ «ለስንት ተማሪ አንድ ካሜራ አለ?» በሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ትንሽ ያስቀይማል፣ ቢሆንም ጠይቁት፦ «ካለፈው ዙር የተማሪዎቻችሁን ፎቶ አሳዩኝ።» የአሰልጣኙን አይደለም። የአሰልጣኙ ፎቶ ማንሳት መቻሉን ያሳያል፤ ማስተማር መቻሉን የሚያሳየው የተማሪዎቹ ነው።

[ምስል፦ ስልክ ላይ የቴሌግራም ማስታወቂያ፤ ስሙ ተሸፍኗል]

«በሦስት ቀን ፕሮፌሽናል» የሚሉትን ማስታወቂያዎች እለፏቸው። በሦስት ቀን ሌላ ነገር መማር ይቻላል፤ ለምሳሌ ፍላሽ ብቻ፣ ወይም ላይትሩም የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ብቻ። ጎበዝ ሰው አንድ ርዕስ ላይ የሚሰጠው አጭር ወርክሾፕ መሠረቱን ለያዘ ሰው በጣም ይጠቅማል። ለጀማሪ ግን ገና ባልተለሰነ ግድግዳ ላይ ቀለም እንደ መቀባት ነው።

አሰልጣኙን በአንድ ጥያቄ መፈተን ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ፦ «ፍላሽ ገጥሜ ሸተሩን አንድ ሺኛ ሰከንድ ላይ ባደርገው ምን ይፈጠራል?» ሸተር ማለት ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባው ተከፋች መጋረጃ ነው። ጥሩ አሰልጣኝ ካሜራ አንስቶ ያሳያችኋል። ብዙ ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር የሚስማሙት እስከ 1/200 ሰከንድ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ሲፈጥን ሁለቱ የሸተር መጋረጃዎች ተከታትለው ስለሚሄዱ፣ ፍላሹ በሚበራበት ቅጽበት ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ ፎቶው ላይ ጥቁር ቀበቶ ይወጣል። ይህን ለማለፍ ፈጣን ሸተር የሚችል ፍላሽ ያስፈልጋል። «እሱን በኋላ እናየዋለን» ካላችሁ እናንተም በኋላ ተመዝገቡ።

የት እንፈልግ? የግል ማሰልጠኛዎቹ በብዛት መሀል ከተማ ናቸው፤ ማስታወቂያቸው ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ አይጠፋም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችንም አትርሱ፣ በተለይ ቅርባችሁ ያለውን፤ ዘርፉ መኖሩን ሬጅስትራር ሄዶ መጠየቅ ነው። ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ መውሰድ መሥሪያ ቤት ለመቀጠር ይረዳል። ሙሽራ ግን ሲኦሲ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም፤ የምትጠይቀው አልበም ነው። ዓይናችሁን ለማሠልጠን ደግሞ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችውን አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሰለ የፎቶ ኤግዚቢሽን ሲኖር ሄዶ ማየት ነው። የሰርግ ሥልጠና አይደለም፤ ጥሩ ፎቶ ምን እንደሚመስል ግን ታያላችሁ።

ሰፈራችሁ ያለውን ፎቶ ቤት አትናቁ። ጉርድ ፎቶ ብቻ የሚያነሳ ቢመስልም፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ሙያ ድሮም የተላለፈው በዚህ መንገድ ነው፦ የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሙያውን ለልጆቹ ነው ያወረሰው፣ እነሱም በተራቸው ቤተ መንግሥት አገልግለዋል። ዛሬም ፍላሽ ያዥ ሆኖ የገባ ልጅ፣ ዓይኑን ከከፈተ፣ ከአንድ ወቅት ሰርግ የሚማረው ብዙ ነው። ሌላው ነጻ ልምምድ የቤተ ክርስቲያን ሚዲያ ክፍል ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የኅብረት ሚዲያ አገልግሎት ውስጥ ደብዛዛ መብራት፣ የሚንቀሳቀስ ሰው፣ ፍላሽ የማይፈቀድበት ቦታ አለ። ሰርግ የሚፈትናችሁም በዚሁ ነው።

[ምስል፦ የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ፤ ኅዳርና ጥር ተከበዋል]

አሁን ብዙ ሰው የማያስበውን ልንገራችሁ፤ ወቅቱን። የኦርቶዶክስ ሰርግ በጾም አይደረግም። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ገና ድረስ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ካለፈ በኋላ ሰርግ ይጎርፋል፤ 55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ሲገባ ይቆማል፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሳል። ስለዚህ በሰርግ የሚተዳደሩ ፎቶ አንሺዎች እጃቸው የሚፈታው በጾም ነው። የፕሮቴስታንት ሰርግ በዚህ ጾም አይገደብም፣ የሙስሊሙም የራሱ አቆጣጠር አለው፤ ግን ብዛቱን ስታዩት ትልቁ ክፍተት ያኔ ነው። ከኅዳር 15 በኋላ ሥልጠና ብትይዙ አሰልጣኙ ጊዜ አለው፣ እናንተም ለጥር ትደርሳላችሁ። ጥር ላይ የቅዳሜና እሁድ ኮርስ መመዝገብ ግን አይመከርም፤ አሰልጣኙ እውነት የሰርግ ፎቶ አንሺ ከሆነ ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ምን ያደርጋል?

የትራንስፖርቱን ነገር ከመክፈላችሁ በፊት አስሉት። የማታ ክፍል 2 ሰዓት ላይ ካለቀ፣ መገናኛ ወይም አየር ጤና ታክሲ ሰልፍ ላይ ካሜራ ተሸክማችሁ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። የጠዋት ክፍል ካለ እሱን ምረጡ። ካሜራ ከሌላችሁም ለመማር ብላችሁ አትግዙ፤ ኪራይ አለ። መታወቂያና ዋስ ወይም መያዣ እንደሚጠየቅ እወቁ፣ ስትረከቡም የሌንሱን መስታወት እዚያው ፈትሹ።

ለሴት ጀማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች የሴቶቹ ዝግጅት ለብቻው ነው፤ እዚያ እንድትገባ የምትፈለገው ሴት ፎቶ አንሺ ናት። ፈላጊው ብዙ፣ ባለሙያዋ ጥቂት ናት። ማሰልጠኛው ድሮን እናስተምራለን ካለ ደግሞ ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ፤ ድሮን እንደ ካሜራ ገዝቶ ዝም ብሎ የሚነሳበት ዕቃ አይደለም።

ረዳት ሆናችሁ ስትወጡ ያነሳችሁትን ፎቶ ለራሳችሁ ማሳያ መጠቀም ትችሉ እንደሆነ ከባለ ፎቶ ቤቱ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ። ሙሽሮቹ ሳይፈቅዱ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ የለም።

[ምስል፦ ስልክ ላይ የሚጻፍ መልእክት]

ለአሰልጣኙ የምትልኩት መልእክት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጤና ይስጥልኝ። የሰርግ ፎቶ መማር እፈልጋለሁ፣ ጀማሪ ነኝ፣ የምኖረው ሰበታ ነው። ክፍሉ በስንት ሰዓት ያልቃል? ውጭ ወጥተን የምናነሳው ስንት ጊዜ ነው? ያነሳነውን ፎቶ አብረን እናያለን? ክፍያው በሁለት ዙር ይቻላል? ከመመዝገቤ በፊት አንድ ክፍል መጥቼ ባይ ፈቃድዎ ነው?» የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዴት እንደሚመልሱላችሁ በደንብ አንብቡ።