ሪባን የማይቆረጥለት ሥራ

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ፣ ይቅርታ፤ ቶሎ እጨርሳለሁ። የምክር ቤት አባል እንዲህ ሲል ማንም እንደማያምን አውቃለሁ፣ ግን እሞክራለሁ።

እኔን ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ፖለቲካ አይደለም፤ የቱቦ ክዳን ነው። ቤቴ ፊት ለፊት ያለው የፍሳሽ ቱቦ ክዳኑ ተሰብሮ ወራት ተቀመጠ። ማታ የሚመጣ ሰው እንዲያየው ሰፈርተኛው የዛፍ ቅርንጫፍ ይሰካበታል፤ ቅርንጫፉ ሲደርቅ ሌላ ይሰካል። አንድ ምሽት የጎረቤቴ እግር ገባና ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። በማግስቱ ቢሮ ሄድኩ። አንዱ "የመንገድ ክፍል ጉዳይ ነው" አለኝ፣ የመንገዱ "የፍሳሽ ነው" አለኝ፣ የፍሳሹ ደግሞ "ደብዳቤ ጻፍ" አለኝ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛ አዘነችልኝ መሰል፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ወንድሜ፣ ለጥገና የተያዘ ገንዘብ እኮ የለም" አለችኝ።

ታዲያ ገንዘቡን የሚመድበው ማነው? ይህን ስጠይቅ ነው ምክር ቤት ምን እንደሚሠራ የገባኝ። ተመልካች ሆኜ ስብሰባ መግባት ጀመርኩ። ሁለት ዓመት ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ፣ ብዙ ጊዜም አንቀላፋሁ፤ ከዚያ ተወዳደርኩ።

በቅስቀሳው ጊዜ ቃል ያልገባሁት ነገር የለም። መናፈሻ፣ መብራት፣ ሜዳ፣ ምኑ ቅጡ! ስገባ ግን የዓመቱ በጀት ጸድቆ አልቋል። ለካ የምክር ቤት አባል ብቻውን አንድ አምፖል እንኳ ማስቀየር አይችልም። በጀት ያጸድቃል፣ ደንብ ያወጣል፣ ሁለቱም በድምፅ ብልጫ ስለሆነ ሌሎቹን ማሳመን አለበት፤ ከዚያ ደግሞ ሥራ አስፈጻሚውን ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ነው የሚረሳው፤ ምክንያቱም አሰልቺ ነው፣ ጠያቂውንም ማንም አይወደውም።

የበጀት ሰነዱን መጀመሪያ ሳገላብጥ አዲስ ግንባታ ገጽ ሙሉ ነው፣ ፎቶም አለው። ጥገናን ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት "ልዩ ልዩ ወጪዎች" ሥር ነው፣ አንድ መስመር። እዚህ ላይ ነው የምቆመው። አስፋልት ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባል፣ ከሥሩ ያለው አፈር ይለሰልሳል፣ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ይሰምጣል። ስንጥቁን በጊዜው መድፈን ትንሽ ገንዘብ ነው፤ መንገዱን አፍርሶ መሥራት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን ዝናብ ሳይመጣ ለተጠረገ ቱቦ ሪባን የሚቆርጥ፣ ፎቶ የሚነሳ የለም።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ለአንድ ፏፏቴ እጄን አውጥቻለሁ፣ አዳራሹ ስላጨበጨበ ብቻ። ፏፏቴው አሁን ደርቋል፤ ፓምፑን የሚጠግንበት በጀት አልተያዘለትም።

የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989፣ ነዋሪዎቿ በየሰፈሩ ተሰብስበው የከተማዋ የኢንቨስትመንት ገንዘብ የት እንደሚውል ቅድሚያ እንዲያስቀምጡ ማድረግ ጀመረች። ሰዉ ምን መረጠ መሰላችሁ? ቅድሚያ ከሰጣቸው ውስጥ የመንገድ ንጣፍና የፍሳሽ መስመር ነበሩ። ሐውልት አይደለም። "ሕዝቡ የሚታይ ነገር ነው የሚፈልገው" የሚሉኝ ባልደረቦቼ ይህን ስነግራቸው ርዕስ ይቀይራሉ።

ስለዚህ በዚህ የምክር ቤት ዘመኔ የምገፋው ይኸው ነው፦ ጥገና የራሱ የበጀት ርዕስ ይኑረው፣ አዲስ ነገር ለመሥራት የሚጠይቅ ሁሉ ማን እንደሚጠግነውና በምን ገንዘብ አብሮ ይጻፍ፣ ሰነዱም ከመጽደቁ በፊት እናንተ በሚገባችሁ ቋንቋ ይውጣ። መናፈሻውን ለጠየቃችሁኝ፣ ዘንድሮ የለም። ፊት ለፊት ልንገራችሁ ብዬ ነው።

የቱቦውስ ክዳን? ተቀየረ፣ ከአራት ዓመት በኋላ። ዛሬ ጠዋት ስወጣ ግን ማዶ ያለው ተሰብሮ አየሁ፤ አንድ ሰው ቀድሞኝ ቅርንጫፍ ሰክቶበታል፣ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም።

ማይኩ መሐል ላይ አለ። ጠይቁኝ።