ሌሊት 7 ሰዓት የማክሰኞ ነው የረቡዕ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ከሐዋሳ፣ ከቤታችን በረንዳ ላይ ነው የማወራችሁ። ከኋላ የሚሰማችሁ ባጃጅ ነው፤ እሱን ምንም ማድረግ አልችልም። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ሄዷል። የላፕቶፔ ባትሪ 61 በመቶ ላይ ነው፤ እሱ ሳያልቅ ልጨርስ።

እንደምታውቁት ከቤቴ ሆኜ ነው የምሠራው። ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ላለ ድርጅት የሶፍትዌር ስህተት እፈልጋለሁ። ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው የሚመጣለት ባሕር ዳርቻና ሻንጣ ነው። «ታድለሽ፣ ዓለምን ትዞሪያለሽ!» ይሉኛል። ኧረ ተዉ! እኔ የምዞረው ከመኝታ ቤት ወደ በረንዳ ነው። ጎረቤታችን ያሉ እማማ እስካሁን በየወሩ «ልጄ፣ ሥራ አላገኘሽም እንዴ?» ይሉኛል። እናቴማ ሥራ እንዳለኝ ታውቃለች፤ ግን ቤት የዋለ ሰው ሥራ ላይ ነው ብላ ማመን ከብዷታል። በቀን ሦስት ጊዜ ትደውላለች። «ቤት ነሽ አይደል?» ብላ ነው የምትጀምረው። ከዚያ ሽንኩርት፣ ወይ የወፍጮ ቤት ወረፋ፣ ወይ በር ላይ የቆመ ሰው ይከተላል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዚህ ሥራ ነፃነት ለእኔ መሄዱ ሳይሆን አለመሄዱ ነው። ሐዋሳ ሥራ አጥቼ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቼ ኖሬአለሁ። አሁን ጠዋት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ እወርዳለሁ። ጀልባዎቹ ሲገቡ ልጆቹ ቆሮሶውን፣ ዓሣውን፣ ድንጋይ ላይ አጋድመው በስለት ይሰነጥቁታል፤ እጃቸው አይታይም፣ እንዲያ ይፈጥናሉ። አባ ኮዳው፣ ያ ትልቅ አሞራ፣ አጠገባቸው ቆሞ ይጠብቃል። ራሱ መላጣ፣ ክንፉን ከኋላው የሰበሰበ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የቆመ ጡረተኛ ነው የሚመስለው። አንጀቱ ሲወረወርለት ብቻ ነው የሚነቃነቅ። እኔ የዓሣ ሾርባዬን ጠጥቼ 4 ሰዓት ላይ ለስብሰባ እደርሳለሁ።

4 ሰዓት ያልኩት በበጋቸው ነው። ጀርመኖቹ በፈረንጆቹ ማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ያደርጋሉ፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይመልሱታል። እዚህ ፀሐይዋ የትም አልሄደችም፤ ስብሰባዬ ግን ከ4 ወደ 5 ሰዓት ይሄድብኛል። እነሱ ሰዓት በቀየሩ እኔ ምሳዬን እቀይራለሁ። እሱን ለምጄዋለሁ።

ያልለመድኩት መብረር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ «ሁላችንም በአካል እንገናኝ» ይባላል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ፓስፖርቱ የጀርመን ለሆነ ሰው። እኔ ቪዛ መጠየቅ አለብኝ። የሼንገን ቪዛ ከሰኔ 2016 ወዲህ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሏችሁም አይመለስም። ገንዘቡስ ይሁን። ማስረጃው ነው ጉዱ! ወደ አገርሽ እንደምትመለሺ አሳዪ ትባላላችሁ። ሌላው ሰው እዚህ ካለ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያጽፋል። የእኔ መሥሪያ ቤት ደግሞ ያለው ልሄድበት የጠየቅኩት አገር ውስጥ ነው! አያችሁልኝ? ሐዋሳ የሚይዘኝ ነገር ምንድነው ብለው ጠየቁኝ። አባ ኮዳ ነው ልበላቸው? እናቴ ናት ልበል? እናት በማኅተም አትረጋገጥም። ብቻ የቤት ካርታ፣ የባንክ ወረቀት፣ ምኑም ምኑም ተሰብስቦ ቪዛው ተሰጠኝ።

ቀጥሎ የመጣው ግን የራሴ ጥፋት ነው። በማንም አላላክክም።

ቲኬቱ ላይ ረቡዕ 01፡10 ይላል። እኔ ብልጥ ነኛ፣ 6 ደመርኩና ሌሊት 7 ሰዓት ከ10 አልኩ። ሰዓቱ ልክ ነው። ረቡዕ ጠዋት ከሐዋሳ በረርኩ። አንድ ሰዓት የማይሞላ በረራ ነው፤ በመኪና ቢሆን 275 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ቀኔ ያልቅ ነበር። አዲስ አበባ፣ ገርጂ አክስቴ ቤት ምሳ በላሁ፣ ቡና ተፈላ፣ ተኛሁም። ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ቦሌ ደረስኩ። ጫማ አወለቅኩ፣ ቀበቶ ፈታሁ፣ ገባሁ። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ትናንት ሌሊት ሄዷል።»

ለእኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ማክሰኞ ማታ እተኛለሁ፣ ረቡዕ እነሣለሁ፤ መሃል ያለው ሌሊት የማክሰኞ ነው። ፈረንጅ ግን ልክ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ቀኑን ገልብጦታል። ረቡዕ 01፡10 ማለት ማክሰኞ ሌሊት ነው። ሦስት ዓመት ከጀርመኖች ጋር ሰዓት ስቆጥር የኖርኩ ሰው፣ በሰዓት አልተሸወድኩም፤ በቀን ተሸወድኩ። ቦታ የተገኘው ለዓርብ 01፡10 ነው። በዚያች ደቂቃ እዚያው ቆሜ በጣቴ ቆጠርኩ። ሐሙስ ሌሊት፣ ሐሙስ ሌሊት። ለለውጡ የከፈልኩትን ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ ለእናንተም አልነግርም።

ስብሰባው ሐሙስና ዓርብ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት፣ በአካል ልገኝበት ቪዛ የለመንኩበትን ስብሰባ፣ ከገርጂ ከአክስቴ ሳሎን በስልክ ተካፈልኩ። ከኋላዬ ዶሮ ይጮሃል። ሐሳቤን ተናገርኩ፣ ተስማሙ፣ ተጻፈ። ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም። እሱ ነው ያናደደኝ፤ አንድ ነገር ቢጎድል ደስ ይለኝ ነበር።

ሌሊቱን በሰዓቱ፣ እንዲያውም ከሰዓቱ አራት ሰዓት ቀድሜ ቦሌ ተገኘሁ። እናቴ ለአለቃዬ ብላ የላከችው ግማሽ ኪሎ ማር አለ። ሻንጣ ውስጥ ይሰበራል ብዬ በእጄ ያዝኩት። ፈታሹ አወጣው።

«ይሄ አያልፍም።»

«ማር እኮ ነው።»

«ፈሳሽ ነው፣ እህቴ።»

ማሩ እንዲያውም የረጋ ነበር። ማሰሮውን ገልብጬ አሳየሁት፤ አልፈሰሰም። ሳቀ፣ ግን አላለፈም። በነሐሴ 1998 ለንደን ላይ በለስላሳ ጠርሙስ ፈንጂ ይዘው አውሮፕላን ሊያጋዩ ያሰቡ ሰዎች ተይዘው ነበር። በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር አይለፍ የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው። ሕጉ ማርንም ቅቤንም ይጨምራል። በዚያ ሌሊት ግን የእነዚያ ሰዎች ዕዳ ለምን በእናቴ ማር ላይ እንደወደቀ ሊገባኝ አልቻለም። የተፈጨው የሲዳማ ቡና አለፈ። አለቃዬ ቡናውን ሲያሸት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ያንን በስክሪን አላየውም ነበር፣ እሱን አልክድም። አብረን ምሳ በላን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ፊቱን ብቻ የማውቀው ልጅ ከእኔ በሁለት ጭንቅላት ይረዝማል! ይህም ይቆጠራል። ግን ለአንድ ቀን ነው ይህ ሁሉ።

ስመለስ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። አውሮፕላኑ ሲያዘነብል ሐይቁ ከነታቦር ተራራ በአንድ ጊዜ መጣ። ባጃጅ ይዤ ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት በአሞራ ገደል በኩል ዞርኩ። የዓሣው ሰዓት አልፏል። አባ ኮዳው ግን እዚያው ቆሟል።

ዘንድሮም ግብዣው ደርሷል። ቲኬቱ 00፡45 ይላል፣ ቅዳሜ። ይህን ጊዜ አክስቴን፣ እናቴን፣ ጎረቤታችንን ሁሉ አስቆጥሬአለሁ። ሦስቱም የተለያየ ቀን ነገሩኝ።

ቆይ፣ ስልኬ ነው። እናቴ ናት። አዎ፣ ቤት ነኝ።